የከተማ አርማ ሲለወጥ፦ ከማህተሙ እስከ ሕዝቡ ቁጣ

(ደሴ ላይ ለከተማ አስተዳደር የኮሙኒኬሽን ባለሙያዎች፣ ለማተሚያ ቤቶች፣ ለታፔላ ሠሪዎችና ለግራፊክስ ተማሪዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አረፈዳችሁ። ከደሴም ከኮምቦልቻም የመጣችሁ ስላላችሁ ምሳሌ የምወስደው ከሁለቱም ከተሞች ነው።

አንድ ከተማ አዲስ አርማ ይፋ ሲያደርግ በፌስቡክና በቴሌግራም የሚነሳው ጫጫታ ድንገት የመጣ ይመስላል። ድንገተኛ አይደለም። በየአገሩ የሆነውን ብታገላብጡ ቁጣው ከሥዕሉ ይልቅ ከአሠራሩ ሲወለድ ታያላችሁ። ማን አዘዘው? ማን ሠራው? ስንት ወጣበት? አሮጌው የት ገባ? ለምን አሁን? እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳይዘጋጅላቸው ሥዕሉ ብቻውን ከወጣ ሰው ክፍተቱን በራሱ ግምት ይሞላዋል፤ ግምቱ ደግሞ ደግ አይሆንም። ስለዚህ ዛሬ አብዛኛው የምናገረው ስለ ዝግጅት ነው፤ ስለ ውበት ጥቂት ብቻ ነው የምለው።

መጀመሪያ ማህተምንና ሎጎን እንለይ። ማህተም የሕግ ዕቃ ነው። ውል፣ የይዞታ ማረጋገጫ፣ መታወቂያ፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጸናው በእሱ ነው። ሎጎ ግን ከተማው ራሱን የሚያስተዋውቅበት ምልክት ነው፤ ባነር ላይ፣ ቲሸርት ላይ፣ ድረ ገጽ ላይ ይውላል። ሁለቱ የግድ አንድ ዓይነት መሆን የለባቸውም፤ ቢመሳሰሉም ክፋት የለውም። ክፋቱ ሕዝቡ የትኛው እንደተለወጠ ሳያውቅ ሲቀር ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2012 ለድረ ገጽና ለማስተዋወቂያ የሚሆን ቀለል ያለ ምልክት አወጣ። የቆየው ክብ ማህተም በዲፕሎማና በይፋዊ ሰነድ ላይ እንዳለ ይቀጥል ነበር። ነገር ግን ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ምስል በኢንተርኔት ተዛመተ፤ ያየው ሁሉ «አሮጌው በዚህ ተተካ» ብሎ ተረዳው። ከ50 ሺህ በላይ ሰው የተቃውሞ ፊርማ አኖረ፤ ዩኒቨርሲቲውም በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ምልክቱን መጠቀም አቆመ። እንደኔ እምነት ያ ምልክት መጥፎ አልነበረም። «ማህተሙ አልተነካም» የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ከምስሉ ጋር አብሮ ቢወጣ ኖሮ የነገሩ መልክ ሌላ ይሆን ነበር።

በእኛ ከተሞች ብዙ ጊዜ አንዱ አርማ ሁለቱንም ሥራ ይሠራል፤ ደብዳቤው ላይም፣ በሩ ላይም፣ ማህተሙ ላይም እሱው ነው። እንዲህ ከሆነ ንድፉ መጀመሪያ መፈተን ያለበት በጣም በሚጠብበት ቦታ ማለትም በማህተሙ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚደረገው ተቃራኒው ነው። ንድፉ በፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ ይታያል፤ ሁለት ሜትር ሆኖ ሁሉም ያጨበጭባል፤ ከዚያ ማህተም ቀራጩ ጋ ሲደርስ ጭቃ ይሆናል።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ዲያሜትሩ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ክብ ማህተም እንውሰድ። ከውጪ ቀለበቱ ትንሽ ገባ ብሎ ጽሑፉ የሚሄድበት ክብ ሬዲየሱ 17 ሚሊ ሜትር ቢሆን ዙሪያው 107 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የላይኛውን ግማሽ ለአማርኛ፣ የታችኛውን ለእንግሊዝኛ ከሰጠን ለአማርኛው 53 ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። አሁን «በአማራ ብሔራዊ ክልላዊ መንግሥት የደሴ ከተማ አስተዳደር» የሚለውን ቁጠሩ፤ 29 ፊደልና 6 ክፍተት፣ በድምሩ 35 ቦታ ነው። 53ን ለ35 ስናካፍለው ለአንድ ፊደል 1.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ይደርሰዋል። የጽሕፈት ቤቱ ስም ከተጨመረበት ወደ 1 ሚሊ ሜትር ይወርዳል።

በዚህ ስፋት ላይ «ሴ»ን ተመልከቱ። ሴን ከሲ የሚለየው ከቀኝ እግሩ ግርጌ ያለችው ትንሽ ቀለበት ናት። 1.5 ሚሊ ሜትር ፊደል ውስጥ የቀለበቷ ቀዳዳ ከሲሶ ሚሊ ሜትር በታች ነው። ስታምፕ ፓዱ ትንሽ ቀለም ከበዛበት፣ ወይም ጎማው ካረጀ፣ ቀዳዳው ይደፈናል፤ ማህተሙም «ደሲ» ይላል። ኮምቦልቻም ላይ ቦን ከባ የሚለየው የትኛው እግር እንደረዘመ ነው፤ ክብ ላይ ፊደሉ ዘንበል ሲል ያ ልዩነት ይጠፋል። የላቲን ፊደል እንዲህ ዓይነት ችግር ብዙም ስለሌለበት ከውጭ የተቀዳ የንድፍ መመሪያ አያስጠነቅቃችሁም። ልኩን እኛው ማበጀት አለብን።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። የክልሉን ስም በውጪው ቀለበት፣ የከተማውን ስም ደግሞ ከመሐል ባለ ቀጥ ያለ መስመር ላይ ማድረግ ይቻላል። «ደሴ» ሁለት ፊደል ብቻ በመሆኑ 4 ሚሊ ሜትር ቁመት ለመስጠት ቦታ አያንስም። ፊደሉ ቀለበቶቹ ሰፋ ያሉ፣ የቀጭንና የወፍራም መስመሩ ልዩነት ያልበዛ ይሁን። በብዕር የተጻፈ የሚመስለው ያማረ ፊደል ለባነር ጥሩ ነው፤ ለማህተም ግን ቀጭኑ መስመር ይበላል። መሐል ላይ የሚቀመጠው ሥዕል ከ18 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚደርሰው በአንድ ቀለምና ከ0.3 ሚሊ ሜትር ባልቀጠነ መስመር መሠራት አለበት።

ከዚያ ፎቶ ኮፒ። ንድፉን በጥቁርና ነጭ አትሙና ኮፒ አድርጉ፤ ኮፒውን እንደገና ኮፒ አድርጉ፤ ሦስተኛው ላይ አርማው ካልታወቀ ንድፉ አላለቀም። ይህ የቅንጦት ፈተና አይደለም። አንድ ባለጉዳይ ከቀበሌ ወደ ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ፍርድ ቤት ይዞት የሚሄደው ወረቀት ብዙ ጊዜ የኮፒ ኮፒ ነው። በሪዞ፣ ማለትም በወረቀት ማባዣ ማሽን፣ የሚባዛም አለ። ከሰማያዊ ወደ አረንጓዴ እየተቀላቀለ የሚሄድ ቀለም ስክሪን ላይ ያምራል፤ ሪዞ ላይ ግን ነጠብጣብ፣ ማህተም ላይ ደግሞ ድፍን ጥቁር ነው።

ማተሚያ ቤት ያላችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፦ የፊደሉ ጉዳይ ፋይሉ ውስጥም አለ። አማርኛ በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል መለያ ሥርዓት፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የግዕዝ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው አቀማመጥ ስለነበራቸው በእነሱ የተጻፈ ጽሑፍ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደልና ምልክት ይሆናል። ዛሬም በድሮ ፋይል የሚሠራ አለ። ስለዚህ በአርማው ውስጥ ያለ ጽሑፍ ሁሉ ከመረከባችሁ በፊት ወደ ቅርጽ ይለወጥ፤ ኢሉስትሬተርና ኮረልድሮው በሚባሉት የንድፍ ፕሮግራሞች አንድ ትእዛዝ ነው። ያኔ ፊደሉ ሥዕል ስለሚሆን የትም ቢከፈት አይበላሽም። ከእሱ ጋር ጽሑፉ ሊታረም የሚችልበትን ሌላ ኮፒ ለይታችሁ አስቀምጡ።

ወደ ሥዕሉ ልምጣ። አርማ ይሠራ ሲባል ኮሚቴ ይቀመጥና ዝርዝር ያወጣል። ለደሴ ከሆነ ጦሳ ተራራ፣ አይጠየፍ አዳራሽ፣ መርሖ ግምብ፣ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን፣ ማሲንቆ፣ ጀበና፣ መጽሐፍ፣ የተጨባበጠ እጅ፣ የምትወጣ ፀሐይ። ለኮምቦልቻ የማሽን ጥርስ፣ የፋብሪካ ጭስ ማውጫ፣ ባቡር፣ አውሮፕላን፣ ቦርከና። ከዚያ ሁሉም እንዲገባ ይወሰናል። እያንዳንዱ ነገር እውነት ነው፤ አንዱም ከከተማው ጋር የማይገናኝ የለም። ግን 20 ሚሊ ሜትር ውስጥ ዘጠኝ ነገር ሲገባ ለእያንዳንዱ የምስር ፍሬ የምታህል ቦታ ትደርሰዋለች። ሌላም አደጋ አለ። የማሽን ጥርስ፣ የስንዴ ዛላ፣ የተከፈተ መጽሐፍና የፀሐይ ጨረር በመላ አገሪቱ ባሉ መሥሪያ ቤቶች አርማ ላይ ስለሚገኙ ከርቀት የሚያየው ሰው የየትኛው እንደሆነ አይለይም። መለየት ደግሞ የአርማ የመጀመሪያ ሥራው ነው።

ስለ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በግልጽ እንነጋገር። ወሎ ውስጥ በአንድ ቤት ሙስሊምም ክርስቲያንም ይኖራል፤ በአንድ ለቅሶ ሁለቱም ይቀመጣል። ይህን በአርማ ለማሳየት መፈለግ መልካም ሐሳብ ነው። ነገር ግን ሚናሬትና ጉልላት ጎን ለጎን ሲሳሉ ሰው ማስመሪያ ያወጣል። የትኛው ረዘመ? የትኛው በቀኝ ሆነ? የትኛው ፊት ለፊት ቆመ? ሠዓሊው በፍጹም ቅንነት ለአቀማመጥ ብሎ ያደረጋት የሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት የሳምንት መነጋገሪያ ትሆናለች። ምክሬ ይህ ነው፦ የግድ ከገቡ ቁመታቸውም ስፋታቸውም የመስመር ውፍረታቸውም እኩል ይሁን፤ አንዱ ሌላውን አይሸፍን። የተሻለው ግን ሁለቱም ወገን የእኔ ነው ከሚለው ነገር መነሳት ነው። ለደሴ ጦሳ እንዲህ ያለ ነው። ሸዋ በር የቆመም፣ ሆጤ የቆመም፣ ፒያሳ የቆመም ያየዋል። በአንድ መስመር ይሳላል፤ በማህተምም፣ በጥልፍም፣ ስክሪን ላይ በምትታየው ትንሽ የ16 ፒክሰል ምልክትም ይወጣል። ችግሩ ተራራ ያለው ከተማ ብዙ መሆኑ ነው። ስለዚህ ከሐሳብ የመጣ ሦስት ማዕዘን ሳይሆን ከአንድ ከተወሰነ ቦታ የሚታየው የጦሳ ትክክለኛ የጀርባ መስመር ከፎቶ ተለክቶ መወሰድ አለበት። የደሴ ሰው ያን መስመር ካየው አይስተውም።

ቅኝትም እንዲሁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ የዚህ ምድር ስም ሲነሳ አብረው ይነሳሉ፤ አምባሰልና ባቲ የቦታ ስምም ናቸው። ነገር ግን ድምፅ አይሳልም። አንዳንድ ንድፍ አውጪ አራት መስመር ያሰምርና «አራቱን ቅኝት ይወክላሉ» የሚል ማብራሪያ ያያይዛል። ቅርጹ ያለማብራሪያው ራሱን ችሎ ከቆመ ጉዳት የለውም። ማብራሪያው ሲወጣ ቅርጹ ባዶ ከሆነ ግን ሕዝብ ፊት አይቆምም፤ አላፊ አግዳሚ ማብራሪያ ይዞ አይሄድምና።

ለኮምቦልቻ ደግሞ ጭስ ማውጫው አደገኛ ነው። አንድ ጊዜ ጭስ የእድገት ምልክት ነበር። ዛሬ የፋብሪካ ፍሳሽ በለዮሌና በወርቃ ወንዞች ላይ ያመጣውን ጉዳት ተመራማሪዎች በጽሑፍ ያወጡበት ከተማ ነው። ጭስ የሚተፋ አርማ ይፋ ከሆነ የመጀመሪያው አስተያየት ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም። ከአዋሽ ወልድያ ሐራ ገበያ የሚዘረጋው የባቡር መስመር፣ ደረቅ ወደቡና መንገዶቹ የሚገናኙበት ቦታ መሆኑ ግን ያልተነካ ሐሳብ ነው፤ መጋጠሚያን በሁለትና በሦስት መስመር ማሳየት ይቻላል።

ቀለም። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ውጤቱን በየታፔላው ታዩታላችሁ፦ መጀመሪያ የሚጠፉት ቢጫውና ቀዩ ናቸው፤ ሰማያዊና ጥቁር ይቆያሉ። ዋናው ቅርጽ በቀይ ወይም በቢጫ ብቻ ከተሠራ ከጥቂት ዓመት በኋላ አርማው ግማሽ ይሆናል። ስለዚህ ተሸካሚው ቅርጽ በጥቁር ሰማያዊ ወይም በጥቁር አረንጓዴ ይሁን፤ ቢጫና ቀይ ለማድመቂያ ይግቡ። ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ደሴ ውስጥ ከ50 ሜትር ማዶ ያለ ነገር ሁሉ ግራጫ ስለሚመስል የጨለማና የብርሃን ልዩነት ያስፈልጋል፤ የቀለም ልዩነት ብቻ አይበቃም። ለድረ ገጽ የወጣው ዓለም አቀፍ መለኪያ ለምልክቶች ቢያንስ 3 ለ1 የብርሃንና የጨለማ ንጽጽር ይጠይቃል። ነጭ ላይ የተቀመጠ ደማቅ ቢጫ 1.07 ለ1 ብቻ ነው፤ እንደሌለ ቁጠሩት። ቀይና አረንጓዴን መለየት የሚቸግራቸው ሰዎች፣ በተለይ ወንዶች፣ እንዳሉም አትርሱ።

ስልክ ላይ የሚያበራው አረንጓዴ በአራቱ የሕትመት ቀለሞች አይገኝም። ስለዚህ ቀለሙን መጀመሪያ በሕትመት ምረጡትና ከዚያ ለስክሪን አቻውን ፈልጉ፤ በመመሪያው ላይም የሁለቱንም ቁጥር ጻፉ። ጥቁር ጽሑፍ በጥቁር ቀለም ብቻ ይታተም። በአራቱም ቀለም የተቀላቀለ ጥቁር ከሆነ ወረቀቱ ትንሽ ሲንሸራተት የፊደሉ ጠርዝ ይደበዝዛል፤ ያው የሴ ቀለበት እንደገና ትጠፋለች። ቀለሙን ከሰንደቅ ዓላማው ለመውሰድ የሚያስብ ካለ አስቀድሞ የ2001ዱን የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654 ከሕግ ባለሙያ ጋር ያንብብ።

ስለ መጠን አጭር ልበል። ታፔላ ላይ ለእያንዳንዱ 3 ሜትር ርቀት የፊደሉ ቁመት 25 ሚሊ ሜትር ይሁን የሚል የቆየ ልማድ አለ፤ ከ30 ሜትር እንዲነበብ 25 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ይህ የወጣው ለላቲን ስለሆነ ለአማርኛ ከፍ አድርጉት። ጥልፍ ላይ የክሩ ውፍረት 0.4 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ከ7 ሚሊ ሜትር ያነሰ የአማርኛ ፊደል አትሞክሩ፤ ለደንብ ልብስ ምልክቱን ብቻ ጥለፉ። የቴሌግራምና የፌስቡክ መገለጫ ፎቶ በክብ ሲቆረጥ ከካሬው 21 በመቶ ያህሉ ይጠፋል፤ ማዕዘን ላይ ጽሑፍ ያስቀመጠ እዚያ ይቀራል።

አሁን ማን ይሥራው? ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ክፍት ውድድር ነው። ሕዝብን ያሳተፈ ስለሚመስል እንጂ ጥሩ ንድፍ ስለሚያመጣ አይደለም። በነጻ የሚወዳደር ባለሙያ ሁለት ቀን ይሠራበታል፤ ማህተሙን፣ ጥልፉን፣ ፎቶ ኮፒውን አይፈትንም። ከዚያ ዳኞቹ «ከአንደኛው ተራራውን፣ ከሦስተኛው ቀለሙን፣ ከአምስተኛው ክቡን» ብለው ያዋህዱታል። እንዲህ ያለ ቅልቅል የማንም ሥራ ስላልሆነ ማንም ቆሞ አይከራከርለትም። እኔ የምመርጠው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ባለሙያዎች የሠሩትን የቀድሞ ሥራ ብቻ ያቅርቡ፤ ከእነሱ ሦስቱ ይመረጡና እያንዳንዳቸው ተከፍሏቸው በአንድ የጽሑፍ መመሪያ መሠረት ይሥሩ። አሸናፊው ይሻሻላል እንጂ ከሌላው ጋር አይቀላቀልም።

ቶኪዮ ሁለቱንም መንገድ አይታለች። ለ2020 ኦሊምፒክ የመጀመሪያው አርማ የተመረጠው ትልልቅ ሽልማት ያገኙ ባለሙያዎች ብቻ በተሳተፉበት ውድድር ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2015 ይፋ ሲሆን አንድ የቤልጂየም ንድፍ አውጪ ለሊየዥ ቴአትር ቤት የሠራሁትን ይመስላል ብሎ ተነሳ። የአርማው ሠሪ ኬንጂሮ ሳኖ አልቀዳሁም ቢልም ሰው የቆዩ ሥራዎቹን ሁሉ እያወጣ መመርመር ያዘ፤ በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. መስከረም 1 ቀን አርማው ተሰረዘ። ሁለተኛው ውድድር ለሁሉም ክፍት ሆነ፤ 14,599 ንድፍ መጣ። ለመጨረሻ የቀሩት አራቱ ለሕዝብ ታይተው አስተያየት ከተሰበሰበ በኋላ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2016 ላይ የአሳኦ ቶኮሎ ሰማያዊና ነጭ የዳማ ንድፍ ተመረጠ። ለእኛ የሚጠቅመው ነጥብ አራቱን ማሳየታቸው ነው። መመሳሰልም፣ ያልታሰበ ትርጉምም ካለ የሚወጣው ገና ምንም ሳይታተም ነው።

መመሳሰልን ለመፈተሽ ንድፉን በምስል ፍለጋ አሳልፉት፤ በጥቁርና ነጭም፣ ገልብጣችሁም ፈልጉ። ከዚያ ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ጥያቄ አቅርቡ። የንግድ ምልክት አዋጁ 501/1998 ነው፤ የቅጂ መብቱ 410/1996። የቅጂ መብት ሠሪው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላም 50 ዓመት ይቆያል። ስለዚህ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ከተማው አርማውን ለዘለቄታው፣ በማንኛውም ዕቃ ላይ፣ እያሻሻለም ጭምር መጠቀም እንደሚችል በግልጽ ይናገር። የንድፍ አውጪው ስም በሰነዱ ላይ ይኑር፤ የሞራል መብቱ ነው፤ ሰው «ማን ሠራው?» ሲልም መልሱ ዝግጁ ይሆናል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት ምስል ማመንጫ የወጣ አርማ ይዞ የሚመጣም አለ። የአማርኛ ፊደሉን ብዙ ጊዜ ያበላሸዋል፤ ፋይሉ ሲተልቅ ይፈረካከሳል፤ ባለቤትነቱም አከራካሪ ነው። መነሻ ሐሳብ ለማየት ካልሆነ አትቀበሉት።

ለሕዝብ ሲታይ «ወደዳችሁት?» ብላችሁ አትጠይቁ። «ምን ታያላችሁ? የማን ይመስላችኋል?» በሉ። ለአምስት ሰከንድ አሳዩና ደብቁት፤ ከዚያ በእስክሪብቶ ሳሉልን በሉ። ሰኞ ገበያ ላይ አሥር ሰው፣ ፒያሳ አሥር፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ በር ላይ አሥር ይበቃል። ሰኞ ገበያ ከገጠር የመጣው ሰው አርማውን እንደ ከተሜው በማብራሪያ ስለማያነበው የሚሰጠው መልስ ወርቅ ነው። ሕፃናትንም ጠይቁ፤ አዋቂ ያላየውን ያልታሰበ ቅርጽ የሚያወጡት እነሱ ናቸው። ተገልብጦም እዩት፤ ባጃጅ ላይ ስቲከር ዘቅዝቆ የሚለጥፍ አይጠፋም።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ተቃውሞ ይኖራል። የለንደን 2012 ኦሊምፒክ አርማ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2007 ሲወጣ 400,000 ፓውንድ መውጣቱ ተነገረ፤ በጥቂት ቀናት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈረመበት። አብሮ የወጣው ተንቀሳቃሽ ፊልም የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ይጎዳል ተብሎ አንድ ክፍሉ ተነሳ። አርማው ግን እስከ ውድድሩ ፍጻሜ ቆየ። እዚህ ላይ መለየት የሚገባው ነገር ተለይቷል፦ ሰው ላይ ጉዳት የሚያመጣው ወዲያው ተነሳ፤ የጣዕም ክርክሩ በጊዜ ተተወ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሮበርት ዛዮንስ እ.ኤ.አ. በ1968 እንዳሳየው ሰው አንድን ነገር ደጋግሞ ባየው መጠን እየወደደው ይሄዳል። ለዚህም ነው አዲስ አርማ በመጀመሪያው ሳምንት ከአሮጌው ጋር በእኩል ሜዳ የማይወዳደረው። የኒውዮርኩ የቀይ ልብ ምልክት፣ ሚልተን ግሌዘር የሠራው፣ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ ሰው ስለለመደው እ.ኤ.አ. በ2023 ለከተማው በተመሳሳይ ሐሳብ ሌላ ሲወጣ ንጽጽሩ ከባድ ሆነበት። እኛም አገር ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ያመጡት «የ13 ወር ጸጋ» በ2008 ዓ.ም. «ምድረ ቀደምት» በሚለው ሲተካ የቆየውን የሙጥኝ ያለው ብዙ ነበር፤ ዛሬም የሚጠራው አለ።

አስተያየቱን በአራት ክፈሉት። «አያምርም» የሚለውን አመስግናችሁ ተዉት፤ አትከራከሩ። «እኛን አይመስልም» የሚለውን መዝግቡ፤ ከአንድ ሰፈር ወይም ከአንድ ወገን በብዛት ከመጣ ንድፉ የረሳው ነገር አለ። «ከእገሌ የተቀዳ ነው» ለሚለው የፍለጋውን ውጤትና የሥራውን ሂደት የሚያሳዩ ረቂቆችን በዚያው ቀን አውጡ። «ውኃ በፈረቃ እየጠጣን ለአርማ ገንዘብ?» የሚለው ግን የንድፍ ጥያቄ አይደለም፤ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ በቁጥር ብቻ ነው የሚመለሰው። ንድፉ ስንት፣ ሕትመቱ ስንት፣ ከየትኛው በጀት፣ አሮጌው ወረቀት ምን ሆነ። በቁጣ ወይም «አልገባችሁም» በሚል መልስ የተነሳውን እሳት ሌላ መግለጫ አያጠፋውም።

ወጪው ደግሞ ከንድፉ ይልቅ በመለወጡ ላይ ነው ያለው። እንበል 60 መሥሪያ ቤት እያንዳንዱ 2 በ1 ሜትር ታፔላ ቢኖረው 120 ካሬ ሜትር ነው፤ በካሬ ዋጋ አባዙት። በሱ ላይ የመኪና በር፣ የደንብ ልብስ፣ ደረሰኝ፣ መታወቂያ አለ። ስለዚህ ከውሳኔው በፊት አርማው ያለበትን ዕቃ ሁሉ ቆጥራችሁ ሦስት ቦታ ክፈሉት፦ በዕለቱ የሚለወጥ፣ በ6 ወር ውስጥ የሚለወጥ፣ ሲያልቅ ወይም ሲያረጅ የሚለወጥ። ስክሪን ላይ ያለው ሁሉ በዕለቱ፤ የመግቢያ በሮችና ዋና ታፔላዎች በ6 ወር፤ የደብዳቤ ወረቀት፣ ደረሰኝና የደንብ ልብስ ክምችቱ ሲያልቅ። ይህን ሠንጠረዥ ከአርማው ጋር አብራችሁ ይፋ አድርጉት፤ የወጪውን ጥያቄ ግማሹን ይመልሳል።

ፖርቱጋል ውስጥ ፖርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 ያደረገችው ለመመሪያ ጥሩ ምሳሌ ነው። በኤድዋርዶ አይረስ የተመራው ስቱዲዮ የከተማዋን ስም ወስዶ መጨረሻው ላይ ነጥብ አደረገበትና በግድግዳዎቿ ላይ ካለው ሰማያዊ ሸክላ ጡብ ከ70 በላይ ትናንሽ ሥዕሎችን አወጣ፤ ሁሉም በአንድ ፍርግርግ ላይ ይገጣጠማሉ። ኮሚቴ የሚያወጣው ያ ረጅም ዝርዝር እዚህ ቦታውን ያገኛል፦ አንዱ አርማ ውስጥ ከመታጨቅ ይልቅ እያንዳንዱ የራሱ ሥዕል ይሆናል። አይጠየፍም፣ ማሲንቆውም፣ ጀበናውም በደሴ እንዲህ ሊሠሩ ይችላሉ፤ ዋናው ምልክት ግን አንድ ሆኖ ይቀራል።

የምትረከቡትን ፋይል ቁጠሩ፦ ባለ ሙሉ ቀለም፣ ጥቁር ብቻ፣ ነጭ ብቻ፣ አግድም፣ ቁልቁል፣ ምልክቱ ለብቻው። እያንዳንዱ ሲተልቅ በማይበላሽ ፋይል ማለትም በኤስቪጂና በፒዲኤፍ፣ ለቢሮ ሠራተኛ ደግሞ ጀርባው ባዶ በሆነ ፒኤንጂ። አንድ ኮፒ በመዝገብ ቤት፣ አንዱ በኮሙኒኬሽን፣ አንዱ ማንም ማተሚያ ቤት ሊያወርደው በሚችል ድረ ገጽ ላይ ይቀመጥ። ዋናው ፋይል ከባለሙያው ጋር ሲሄድ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ከአሮጌ ደብዳቤ ላይ ስካን ይደረጋል፣ ማይክሮሶፍት ወርድ ላይ ከጎኑ ተይዞ ይለጠጣል፣ ክቡ እንቁላል ይሆናል። ለጸሐፊዎች አንድ ነገር ብቻ አስተምሯቸው፦ ምስሉን ከማዕዘኑ ይዘው ይጎትቱ።

የመጨረሻው የማህተሙ ርክክብ ነው። ሎጎ ቀስ እያለ ሊለወጥ ይችላል፤ ማህተም ግን በአንድ ቀን መለወጥ አለበት። ሁለት ማህተም ጎን ለጎን ከሠራ ባንኩም ፍርድ ቤቱም የትኛው እንደሚጸና ይጠይቃሉ፤ አጭበርባሪም ያን ክፍተት ይፈልገዋል። ምክር ቤቱ የሚወስነው ቀን ለባንኮች፣ ለፍርድ ቤቶች፣ ለፖሊስና ለአጎራባች ወረዳዎች ከነናሙናው በደብዳቤ ይድረሳቸው፤ ከዚያ ቀን በፊት በአሮጌው የተመቱ ሰነዶች ጽኑ መሆናቸው በደብዳቤው ላይ ይጻፍ። አሮጌዎቹ ማህተሞች በቁጥር ተሰብስበው፣ የእያንዳንዳቸው አሻራ ወረቀት ላይ ተመትቶ በመዝገብ ቤት ከተቀመጠ በኋላ ቢያንስ ሦስት ሰዎች ባሉበት ጎማቸው ተቆራርጦ ቃለ ጉባኤ ይያዝ። የሰበሰባችሁት ቁጥር ካወጣችሁት ጋር ካልገጠመ የጎደለው እስኪገኝ ወይም መጥፋቱ በማስታወቂያ እስኪነገር ድረስ ቃለ ጉባኤው አይዘጋ።